ለሽፈራው ያልተነፋው ጥሩምባ

ወሬው ሲደርሰኝ በከንፈሮቼ መሀል አራት ስፒል ይዤ ነበር። የልጅ ልጄን ሱሪ እያሳጠርኩ ነው፤ ልጅቷ ወንበር ላይ ቆማ ትወዛወዛለች፣ ከመስኮቱ ውጭ እንደ ሁልጊዜው ይዘንባል። ያለሁት ኖርዌይ፣ በርገን የምትባል ከተማ፣ ልጄ ሰላም ቤት ነው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ጮኸና የዘሀራ ፊት ብቅ አለ። ዘሀራ ናዝሬት ላይ ሠላሳ ዓመት በአንድ አጥር የተጎራበትኳት የወሎ ሴት ናት። ያለ ጉዳይ አትደውልም።

«አለምዬ፣ ተቀምጠሻል?»

«ቆሜያለሁ። ንገሪኝ።»

«ዳኛ ደምሴ ሄደ። ትናንት ቀበሩት።»

የሱሪውን ጠርዝ አጠፍኩ። እሷ ሰው ሲሞት የሚባለውን ቃል እየጠበቀች ነው።

«ነፍስ ይማር በይ እንጂ፣ አንቺ ሴት። እኔ እስላሟ ላስታውስሽ?»

«አፌ ላይ ስፒል አለ» አልኳት በጥርሴ መሀል።

«አውጪዋ ታዲያ።»

አላወጣሁም።

እኔ ጾም የማልገድፍ፣ የዘወትር ጸሎቴን ሳላደርስ ውሃ የማልቀምስ ሴት ነኝ። ሙያዬም ቀብር ማስፈጸም ነበር፤ የስንቱን ዘመድ ሸኝቼ ለስንቱ ነፍስ ይማር ብያለሁ። ለማላውቀው የከባድ መኪና ረዳት፣ ሶደሬ ሊዋኝ ወርዶ ለቀረ የሰው አገር ልጅ፣ ስሟን እንኳ ላልነገረችን የቡና ቤት ሴት ብያለሁ። ለዚያ ሰው ግን ቃሉ አልወጣልኝም። እውነቱን ልጻፈውና፣ አንድ ቀን በእኔ እጅ አልፎ መቃብር እንዲወርድ ከሃያ ዓመት በላይ ስጠብቀው ኖሬያለሁ። እግዜር ደግሞ እኔን ከስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አርቆ አስቀምጦ እሱን በሰላም ወሰደው።

ናዝሬት እላለሁ። ልጆቹ አዳማ ይላሉ፣ ልክ ናቸው፤ እኔ ግን የተዳርኩባትንና መበለት የሆንኩባትን ከተማ ስሟን ልቀይርባት አልቻልኩም። ሱቄ ከፖስታ ቤቱ ወረድ ብሎ፣ ካሴት ቤቱ አጠገብ ጥጉ ላይ ነበረች። በጋሪ ከለገሃር እስከ ደጃፌ ስሙኒ ነበር የሚከፈለው፤ የፈረሱ ቃጭል ገና ከሩቅ ሲሰማ ሙሽራ መጣች እላለሁ። ቬሎ ሰፊ ነበርኩ። የሙሽራ እጅጌ እንደ ፊኛ የሚነፋበት፣ የሙሽራው ኮት ትከሻ ስፖንጅ የሚሞላበት ዘመን ነው። ከአሰላ፣ ከመቂ፣ ከመተሐራ፣ ከወንጂ ሴቶች ይመጡ ነበር፤ የመቂዋ ሽንኩርት፣ የመልካሳዋ ብርቱካን በዘንቢል ይዛልኝ። ካሴት ቤቱ አንዱን የሰርግ ዘፈን ጠዋት ይከፍተውና ክሩ እስኪለሰልስ፣ ዘፋኙ ድምፁ እስኪጎተት ድረስ ያዞረዋል፤ እኔ በዚያ ምት እግሬን ስፌት መኪናው ላይ እረግጣለሁ። የናዝሬት ንፋስ አቧራ ሲያስነሣ ነጩን ሳቲን በአንሶላ ሸፍኜ በሩን እዘጋለሁ። እዚህ በርገን አቧራ የሚባል ነገር የለም። ልጄ «ማሚ፣ ንጹሕ አየር ነው፣ ተንፍሺ» ትለኛለች። እተነፍሳለሁ፤ ግን እንጨት እንጨት ይሸተኛል፤ አዲስ የተላገ የጥድ ሣንቃ። ሌላው የጫካ ሽታ ነው ይላል። ለእኔ የሱቄ የኋላ ክፍል ሽታ ነው፣ ግን ወደዚያ ገና አልደረስኩም።

ባለቤቴ ሽፈራው የባቡር ጣቢያው መጋዘን ጠባቂ ነበር። ቁልፍ የሚወድ ሰው ነው፤ ቀበቶው ላይ የሚንጠለጠለውን ቁልፍ ድምፅ ሰምቼ ከየትኛው መንገድ እንደመጣ እለይ ነበር። የሰፈራችንም እድር ዕቃ ያዥ አድርጎ መርጦት ነበር። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ በእሱ እጅ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የክብር ልብሱ። ይህን የማያውቅ ካለ ልንገረው፦ ልብሱ ሐምራዊ ከፋይ ነው፣ ዙሪያው ወርቀ ዘቦ፣ መሀሉ ላይ መስቀል። አባል ሲሞት ከቤቱ እስከ መቃብሩ አፋፍ ሣጥኑ ላይ ይዘረጋል፤ ሣጥኑ ከመውረዱ በፊት ይነሣል፣ ይራገፋል፣ ይታጠፋል፣ ለሚቀጥለው ሟች ወደ ሣንዱቁ ይመለሳል። ሀብታሙም ደሃውም በአንድ ልብስ ነበር የሚሄደው። የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ በነጻ፣ ለነፍሴ ብዬ። ለሙሽሮች ካባ ከምቆርጥበት ከዚያው ጥቅል ከፋይ ነበር የቆረጥኩት። ያኔ ምን ክፋት አለው፤ ጥሩ ከፋይ ሌላ ከየት ይመጣል?

የእድሩ ዳኛ ደምሴ ነበር። ወፍጮ ቤት ነበረው፤ ኮቱን እጅጌው ውስጥ ሳይገባ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የሚሄድ፣ ሲናገር ሁሉም የሚቀመጥለት ሰው። በአንድ ክረምት ዝናብ እያካፋ ጠዋት ቤታችን መጣ።

«ሽፈራው፣ ያን ልብስ አምጣው እስቲ። ብል እንዳይበላው ላናፍሰው።»

ሽፈራው አጥፎ በሁለት እጁ ሰጠው። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ነበር፤ ቶላ፣ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ፣ አጥራችን ሥር ዝናብ ተጠልሎ። በዝናብ ምን ሊያናፍስ ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ዳኛን ማን ይጠይቃል? ፈርም ማለትማ ነውር ነው።

ልብሱ አልተመለሰም። ሽፈራው ሁለቴ ደምሴ ቤት ሄዶ ነበር፤ «ይመጣል» ብሎ መለሰው። ከዚያ አንዲት አሮጊት አባል አረፉና ሣጥናቸው ያለ ልብስ በሕዝብ መሀል አለፈ። ሰው አጉረመረመ። በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እድሩ ግቢ፣ ዛፉ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። እኔ ሴቶቹ ጋ፣ ጥግ ነበርኩ። የሰማሁትን ቃል በቃል ነው የምጽፈው፤ በየቀኑ ስለማደርሰው አልረሳሁትም።

«ዕቃ ያዡ ይመልስ» አለ ደምሴ።

«ለእርስዎ ነው የሰጠሁት፣ ዳኛ።»

«ፈርሜልሃለሁ?»

«እርስዎን ላስፈርም?»

«እንግዲህ» አለና ወደ ሰዉ ዞረ። «እኔ ሰው አልወነጅልም፣ ሃይማኖቴም አይፈቅድልኝ። ባለቤቱ ግን የከፋይና የወርቀ ዘቦ ሠራተኛ ናት። ከዚህ ሌላ አልልም።»

ሌላም አላስፈለገው። ከዚያ በፊት አንዲት የወንጂ ልጅ ለሰርጓ አልብሼ ነበር፤ ባሏ በተጋቡ በስድስተኛው ሳምንት የሸንኮራ መኪና ተገልብጦበት ሞተ። ካባዋ ሐምራዊ ከፋይ ነበር። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት እርስ በርስ ተያዩ፤ ሲደምሩት ታየኝ። ተነሥቼ «እኔ ቆሜ እያየሁ ነው የወሰደው» አልኩ። አንዱ ሣቀና «ሚስት ለባሏ ምን ትበል?» አለ። ቶላን አየሁት። ቶላ ጥሩምባውን ጭኑ ላይ አጋድሞ አፈር አፈሩን ያያል። የዕለት እንጀራው ከዳኛው እጅ ነበር፤ አውቃለሁ። አውቃለሁ ማለት ግን ይቅር አልኩ ማለት አይደለም። ከእድሩ ሰረዙን። ምሽቱ ሳይደርስ በየጋሪው «ሬሳ የለበሰውን አልብሳ ዳረቻት» ይባል ጀመር። ከዚያ ቀን በኋላ አንዲት ሙሽራ ደጄን አልረገጠችም። አንዷ አስለክታኝ የነበረችው ቬሎዋን እንኳ ሳትወስድ ቀረች።

ሽፈራው ታመመ ማለት አልችልም። ቁልፉን ከቀበቶው አወለቀና ከዚያ በኋላ ሲመጣ አይሰማኝም ነበር። ሰላምታ የሚነፍገው ሰው እንዳያጋጥመው በጓሮ በር መግባት ጀመረ። ዓመት አልሞላም። አንድ ጠዋት ቀድሜው ተነሥቼ ሻይ ይዤለት ስመጣ ሄዷል።

ናዝሬት ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚሰማው ጥሩምባው ነው። ሰው እቃ እያጠበ፣ ዳቦ እየገዛ ጥሩምባው ይጮኻል፣ ሁሉም ባለበት ይቆማል፣ ስሙ በሁለቱም ቋንቋ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ እስኪጠራ። ያን ጠዋት ሬሳው አጠገብ ተቀምጬ ጆሮዬን ሰጠሁ። ሰርዘውታል፣ ግን ሞት ነው፣ ለሞት ይተዉታል ብዬ ነበር። ቶላ ቤቱ ከእኛ አራተኛው ነው። ዶሮ ጮኸ፣ ዳቦ ቤቱ ተከፈተ፣ ካሴት ቤቱ ዘፈኑን ጀመረ። ጥሩምባ የለም። የመጣችው ዘሀራ ናት ከባሏ ጋር፤ የእነሱ እድር ሌላ ነበር። ባሏ ሐጂ ኡመር ባለ ጋሪ ጠርቶ መጣ። ጋሪ ነጂው ሳይነገረው ከፈረሱ አንገት ቃጭሉን ፈታ። ያንን ሰው እስካሁን በጸሎቴ አስበዋለሁ።

«ምን ላልብሰው?» አልኳት ዘሀራን።

ዘሀራ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሙሽራዋ ሳትወስደው የቀረችው ቬሎ እዚያ ተሰቅሏል። በመቀስ ስፌቱን ተረተርኩትና ነጩን ሳቲን በባሌ ሣጥን ላይ ዘረጋሁት። ሰባት ሰው ሆነን በእነዚያ ሁሉ በሮች ፊት አለፍን። በሮቹ ሁሉ ገርበብ ብለው ነበር፤ በየስንጥቁ ዓይን አለ። መቃብሩ አፋፍ ላይ ሳቲኑን አነሣሁ፣ አራገፍኩ፣ አጠፍኩ፣ እንደ ሥርዓቱ። እያጠፍኩም ተሳልኩ። ስለቱ ለየትኛው ታቦት እንደሆነ አልናገርም፤ ደግ ስለት አልነበረምና።

እንዲህ ነው ወደ ሁለተኛው ሙያዬ የገባሁት፤ ሰው ጽድቅ ፈልጋ ነው ይላል። በዓርባው ማግስት መስኮቴ ላይ ሳቲኑን አነጠፍኩና ትንሽ የሣጥን ክዳን አቆምኩበት። መጀመሪያ ለአናጢዎች የሣጥን ውስጥ ልብስ እሰፋ ነበር፤ ቆይቶ ኮምፔርሳቶውንም ጥዱንም ራሴ መርጬ ማሠራት፣ ቆይቶ አሮጌ ፒክአፕ ገዝቼ አበባውን፣ ሹፌሩን፣ ሥርዓቱን ሁሉ መያዝ። ሴቶችን ራሴ እገንዝ ነበር። ሙሽራ የለካ ዓይን ሬሳ አይከብደውም፤ ትከሻ ትከሻ ነው፣ ሙሽራ ብቻ ትንፋሿን ትይዛለች። አዲስ የክብር ልብስም ሰፋሁ፣ ከእድሩ የሚበልጥ፣ በድርብ ወርቀ ዘቦ። እድር የሌለው ሁሉ፣ መንገድ ላይ የወደቀው፣ ዘመድ ያልተገኘለት በዚያ ልብስ ይሄድ ነበር። የሰፈሩ ሰው ቆሞ ያያል። እንዲያይ ነው።

ያኔ ዛፉ ሥር የተቀመጡት ደግሞ አንድ በአንድ መጡ። ሞት ወደ ሱቄ ነበር የሚልካቸው፤ ጥሩ ሣጥን የነበረው እኔ ጋ ነዋ። አባቱ የሞተበት፣ እህቱ የሞተችበት ገብቶ ይቆማል፣ አፉ ይደርቃል። ሌላ ቃል አልናገርም፤ «ቁመቱ ስንት ነው?» እላለሁ። መልሱን እስኪሰጠኝ ዓይኑን አያለሁ። አንዱ «እትዬ አለም፣ ያኔ እኮ እኔ...» ሲል «ቁመቱን ነው የጠየቅሁህ» አልኩት። ሥራውን አላበላሸሁም፤ ሚስማር አላጓደልኩም፣ ክር አላሳጠርኩም። ሥራዬ ባማረ ቁጥር ይበልጥ እንደሚያማቸው ገብቶኝ ነበር። ኃጢአት ነው፤ ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። «ልጄ፣ ይቅር ሳትይ እንዴት አድርጌ ላቁርብሽ?» አሉኝ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ አልቆረብኩም። አቡነ ዘበሰማያት ስደርስም «የበደለንን ይቅር እንደምንል» የምትለው ላይ አፌን እዘጋለሁ። እግዚአብሔርን በፊቱ ከምዋሸው ብዬ።

ልብሱ የት እንደገባ ያወቅሁት መቂ ነው። የአንድ የሽንኩርት ደላላ እናት አርፈው ወሰድኳቸው፤ ሰልፍ የያዙ የቲማቲም መኪኖች መንገዱን ዘግተው ደላላው በኮረኮንቹ ዞሮ ነው ያስገባን። መቃብር ቆፋሪው ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ልብሴን ከሣጥኑ ላይ ሳነሣ እጃቸውን ዘርግተው ጫፉን ዳሰሱት።

«አካም፣ እናቴ። ይህን ታነሽዋለሽ እንዴ?»

«አዎ፣ ይመለሳል። ለሌላው ነው።»

«እኔ አንዱን አብሬ ቀብሬያለሁ፣ እዚያ ጥግ። ክረምት ነበር። ገመዱ አዳለጠን፣ ሣጥኑ ከነልብሱ ገባ፣ አፈሩ ላዩ ላይ ተናደ። ልውረድና ላውጣ አልኩ። የሟቹ ወንድም፣ ኮት ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ የናዝሬት ሰው፣ ‹ተወው፣ ሙላው› አለኝ። ‹ጌታዬ፣ የሰው ልብስ አይደለም ወይ?› አልኩት። ‹ሙላው አልኩህ› አለ። ሞላሁት።»

የደምሴ ወንድም የእድራችን አባል አልነበረም። ልብሱ ከአባል ሬሳ ውጭ አይወጣም፤ ሕጉን ያወጣው ራሱ ደምሴ ነው። እስቲ አስቡት፣ ያን ቀን ተመልሶ «ወንድሜን ላከብር ብዬ ተሳሳትኩ» ቢል ማን ይነካው ነበር? ሽፈራው ራሱ ተሟግቶ ያስምረው ነበር። እኔም ሌላ እሰፋ ነበር። ያች መቃብር ላይ ቆሜ ዝናቡ በከፋዩ ውስጥ ሲሰርግ ታየኝ።

ለማንም አልተናገርኩም፣ ከዘሀራ በቀር። ከራሱ አፍ እንዲወጣ ነበር የፈለግሁት። ቀኑም መጣ፤ የደምሴ ሚስት አረፈች። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ሱቄ ገባ።

«አለምነሽ፣ ለእሷ ጥሩውን አድርጊላት።»

«አደርግላታለሁ። ምንም አላደረገችኝም።»

«ልብሱንም ያንቺን። የእድሩ አርጅቷል።»

«የፊተኛው ከመቂ ቢመለስ ኖሮ ደህና ነበር» አልኩት።

ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ካሴት ቤቱ በዚያ ጊዜ ሞባይል መጠገኛ ሆኖ ነበርና ዘፈን የለም። ባርኔጣውን በእጁ አዞረ።

«ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ጥሩምባ። አንድ ጠዋት፣ ለሽፈራው። እርስዎ አጠገቡ ቆመው ልብሱ የት እንዳለ ይናገሩ።»

«ከሠልስቱ በኋላ» አለኝ። «በልጆቼ።»

ሚስቱን እንደ እህቴ ገነዝኳት፣ ልብሴንም አለበስኳት። ሠልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ፣ ዓመቷ ወጣ። ደምሴ ማርያም ሲሄድ በሱቄ ፊት ማለፉን ትቶ በታች በኩል ይዞር ጀመር። ታዲያ እኔም ሣጥኑን አሠራሁት። አዎን፣ ቆሞ ሲሄድ በዓይኔ ለክቼ፤ ከደህና ጥድ፣ በልኩ። የኋላው ክፍል ውስጥ አቆምኩት። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «የዳኛ ነው» እላለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ከተማው ሁሉ ሰማ። የባጃጅ ልጆች ሲያልፍ «ዳኛ፣ ቤትዎ አልቋል አሉ፣ መቼ ነው የሚገቡት?» ይሉት ነበር። አንድ ቀን ዘሀራ «አላህን ፍሪ፣ አንቺ ሴት» አለችኝ። «እፈራለሁ፣ ስለምፈራው ነው ከመሥራት በቀር ሌላ ያላደረግሁት» አልኳት። ከዚያ ጉልበቴ እምቢ አለኝ፣ ሰላምም መጥታ ወሰደችኝ። ሱቁን ለአናጢው ስለቅ ያ ሣጥን እዚያው ቆሞ ቀረ።

እና ትናንት ቀበሩት። ስፒሎቹን እንደያዝኩ ዘሀራን ጠየቅኋት።

«በየትኛው ሣጥን?»

«በዚያው ባንቺው። ልጆቹ ከሩቅ መጥተው ነው፣ የማን እንደሆነ አላወቁም፤ ዕድሜ አሳጥሮት ነበር፣ ትንሽ ሰፋው።»

«ጥሩምባስ?»

«ሦስት ጊዜ። ለገሃር ድረስ ተሰማ። ቶላ ራሱ ነው የነፋው፣ ልጁ ደግፎት።»

«ተናግሮ ሞተ?»

«አልተናገረም» አለች ዘሀራ።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው፣ ያን እሑድ ዛፉ ሥር ለነበራችሁት። ከዘሀራ ጋር ቆጠርን፤ አምስት ቀርታችኋል። ከቶላ በቀር ስማችሁን አልጽፍም፣ ልጆቻችሁ ምን አደረጉ? ቁመታችሁን ግን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፣ አትርሱ። እሱ አመለጠኝ፤ እናንተ አላመለጣችሁም፣ ገና በሕይወት አላችሁና። የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። አንድ ጠዋት፣ ዳቦ ቤቱ ሲከፈት፣ በቤቴ በር ላይ ቁሙ። ቶላ፣ አንተ አጥሬ ሥር ዝናብ ተጠልለህ ያየህ ሰው፣ ትንፋሽ ሳለህ ጥሩምባውን ንፋው። ሽፈራው አረፈ በል፣ በሁለቱም ቋንቋ። ልብሱ መቂ አፈር ውስጥ ነው፣ እጁ ንጹሕ ነበር በል። ሰዉ እቃውን እያጠበ፣ ዳቦውን እየገዛ ባለበት ይቁም። ዘሀራ ስልኳን ከፍታ ትይዝልኛለች። እኔ እዚህ መስኮቱ ጋ ቆሜ እሰማለሁ፤ ያኔ ስፒሉን ከአፌ አውጥቼ ከአቡነ ዘበሰማያት የዘለልኳትን መስመር እላታለሁ።